በአህያው ጆሮ ላይ የነበረችው ነጥብ

አህያው የእኔ ነው። ይህን ነገር ለሃያ ስድስት ዓመት ለሚስቴ ስነግራት ኖሬያለሁ፤ እሷም ለሃያ ስድስት ዓመት «እሺ፣ ያንተ ነው፤ አሁን ብላ» ስትለኝ ኖራለች። የምለው አህያ የሚበላና የሚጠጣ አይደለም። የሦስተኛ ክፍል የንባብ መጽሐፍ ገጽ አርባ አንድ ላይ እንጨት ተጭኖ፣ አንገቱን ደፍቶ የቆመው ነው። በዚያ መጽሐፍ የተማረ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። እኔን ግን የሚያውቀኝ የለም።

የሠራሁት ማተሚያ ቤት ውስጥ ነው፤ ነጥብ ፋቂ ነበርኩ። ላልገባው ላስረዳ። ሰዓሊው ወረቀት ላይ በጥቁር ቀለም የሳለው ሥዕል በትልቅ ካሜራ ይነሣና ፊልም ይሆናል። በፊልሙ ላይ አቧራ ካረፈ ነጥብ ሆኖ ይቀራል፤ ነጥቡ ካልተፋቀ ደግሞ መቶ ሺህ መጽሐፍ ላይ ይታተማል። እኔ ፊልሙን ከሥሩ መብራት በሚበራ የመስታወት ጠረጴዛ ላይ እዘረጋለሁ፣ ማጉያ መነጽሬን አንድ ዓይኔ ላይ እተክላለሁ፣ በምላጭ ጫፍ እፍቃለሁ። ሠላሳ አንድ ዓመት እንዲህ ኖርኩ። በዚህ ሥራ ላይ በደንብ የሠራኸው አይታይም፤ የሚታየው የሳትከው ብቻ ነው።

ትምህርቴ ስድስተኛ ክፍል ላይ ስለቆመ ተቆጣጣሪነቱን ከኋላዬ ለመጣ ልጅ ሰጡት፤ ልጁ የፊልሙን ፊት ከጀርባው አይለይም ነበር። ማተሚያ ቤቱ ሃምሳ ዓመት የሞላው ጊዜ ሠራተኛው ሁሉ ደረጃው ላይ ተደርድሮ ፎቶ ሲነሣ እኔ የለሁበትም፤ ለምን ቢሉ፣ ካሜራውን አሲዘውኝ ነው። ጡረታ ስወጣ ጃንጥላ ሰጡኝ። ጃንጥላው ላይ የሌላ መሥሪያ ቤት ስም ነበረበት።

ስሜን እንኳ አላስቀሩልኝም። ማጉያው አንዱን ዓይኔን ስለሚያገዝፈውና ቀኑን ሙሉ ፊልም ላይ ተደፍቼ ስለምውል «ዝንብ» አሉኝ። «ዝንቡ መጣ፣ ብርጭቆህን ክደን!» እያሉ ሲስቁ እኔም የምስቅ ይመስላቸው ነበር። ስሙን ያወጣልኝ ሰዓሊው ነው።

ሰዓሊው የመማሪያ መጽሐፍ ሥዕሎችን የሚሠራልን ረጅም፣ ዝምተኛ፣ ሹራቡ ክርኑ ላይ የተበላ ሰው ነበር። ኃላፊያችን ደግሞ «መጽሐፉ የመሥሪያ ቤቱ ነው፤ ሥዕል ሥር የማንም ስም እንዳላይ» ብሎ አዝዞ ነበር። ስሙን የሚያጠፋው ማን ነው? እኔው ነኛ። ስንት ስም በምላጭ እንደጠረግኩ እኔና ጠረጴዛው እናውቃለን።

አንድ ቀን ሰዓሊው ሻይ ይዞልኝ መጣ። እሱ ሻይ ይዞ ከመጣ ነገር አለ።

«ዝንቡ፣ አንድ ነገር ልለምንህ።»

«ስም አለኝ።»

«እኔም አለኝ፤ አንተ በየሳምንቱ ትፍቀዋለህ።»

«የታዘዝኩትን ነው።»

«አውቃለሁ፣ አልተቀየምኩህም። ከዛሬ ጀምሮ ስም አልጽፍም። በየሥዕሉ ሥር አንዲት ጉንዳን እሥላለሁ። ጉንዳን የትም ትገባለች፤ ማን ፈቀደልሽ የሚላት የለም። እሷን ብቻ አትንካብኝ።»

አልነካሁበትም። ኃላፊው ቢያውቅ ከነማጉያዬ ከበር ውጭ ነበር የሚጥለኝ፤ ግን ለአሥራ አንድ ዓመት የዚያን ሰውዬ ጉንዳኖች አንድ በአንድ እየቆጠርኩ አሳለፍኩለት። ቅጠል ሥር፣ የጫማ ክር አጠገብ፣ የድስት እጀታ ላይ። ከሁለታችን በቀር የሚያውቅ አልነበረም። እንደ ወዳጅነት ቆጥሬው ነበር መሰለኝ።

ከዚያ አህያው መጣ። የሦስተኛ ክፍሉ መጽሐፍ በማግስቱ ካሜራ ሊገባ ቀጠሮ ተይዞለት አንድ ገጽ ቀርቷል። ሰዓሊው ትኩሳት ይዞት የወረቀት ክምር ላይ ተጋድሞ ጥርሱ ይንገጫገጫል። «በቃ፣ ገጹ ባዶ ይሁን» አለኝ። እኔ ከልጅነቴ ጀምሮ በብጣሽ ወረቀት ዳርቻ ላይ እጭር ነበር፤ ለማንም አላሳየሁም። ከቀትር በኋላ ለሠራተኛው ክበብ ማገዶ የጫነ አህያ ግቢ ውስጥ ቆሞ ነበር። ዱካ ይዤ መስኮቱ ጋ ተቀመጥኩና በሰዓሊው ብዕር ሣልኩት። ባለቤቱ እንጨቱን አራግፎ እስኪጨርስ ጭነቱን ሣልኩ፤ አራግፎ በሂሳብ ሲጨቃጨቅ እግሮቹን ሣልኩ። እጄ እንደዚያ ቀን ታዝዞልኝ አያውቅም።

ሰዓሊው ብርድ ልብሱን እንደተከናነበ ተነሥቶ መጣና ብዙ ቆሞ አየው። ደረቴን ነፍቼ ጠበቅኩ።

«የኋላ እግሩ ረዝሟል» አለኝ።

ይኸው ነው። እንኳን አመሰግናለሁ፣ ደህና ነው እንኳ አላለም። ወረቀቱን ይዞ ወደ ጠረጴዛው እየተንቀጠቀጠ ሄደ፤ እኔም ቤቴ ገባሁ።

በማግስቱ ፊልሙ እጄ ገባ። መብራቱ ላይ ዘረጋሁት። በአህያዬ ኮቴ ሥር ጉንዳን ቆማለች! የእሱ ጉንዳን! በእኔ አህያ ላይ ፈርሞ ወስዶብኛል። ጉንዳኗን ልፍቃት ምላጬን አነሣሁና ተውኩት፤ ቃሌን የማጥፍ ሰው አይደለሁም። ጆሮው ጫፍ ላይ ግን አንዲት ቆሻሻ ነጥብ ነበረች። አህያዬ ላይስ ቆሻሻ አይቀመጥም ብዬ እሷን ፋቅኳት። በንዴት ተቻኩዬ ማጉያውን እንኳ ከኪሴ አላወጣሁም።

መጽሐፉ ታትሞ ሲወጣ ሰዓሊው አንዱን ይዞ መጣ። መጀመሪያ ፈገግ ብሎ ነበር፤ ገጽ አርባ አንድን ሲገልጥ ፈገግታው ጠፋ።

«ፊልሙን ያጸዳኸው አንተ ነህ?»

«ታዲያ ማን ያጸዳዋል?»

«አይተህ ነው?»

«እኔ ሳላይ የምፍቀው ነገር የለም» አልኩት፣ ሥራዬን የናቀብኝ መስሎኝ።

መጽሐፉን ዘጋ። «እሺ» ብሎ ሄደ። ከዚያ በኋላ ዘጠኝ ዓመት በአንድ ደረጃ እየወጣንና እየወረድን ደህና አደርክ አልተባባልንም። ከአራት ዓመት በፊት ሲሞት ቀብሩ ላይ አልተገኘሁም። ጉንፋን ይዞኛል አልኩ። አልያዘኝም ነበር።

ባለፈው ወር ሚስቴ ጋዜጣ ይዛ መጣች።

«ስማ አንተ ሰውዬ፣ አህያህ ጋዜጣ ላይ ወጥቷል።»

«ቀልድሽን ተዪኝ።»

«እይ እንግዲህ!»

እውነትም እሱ ነው። ስማቸው ሳይነሣ የቀሩ የልዩ ልዩ ዘመን ሰዓሊዎች ኤግዚቢሽን ተከፍቷል ይላል፤ ከሥሩ የእኔ አህያ፣ ከአህያው ሥር የሰዓሊው ስም። ስማቸው ተረሳ ተብሎ እነሱ እንኳ ሲታወሱ እኔ በድጋሚ ተረሳሁ። ኮቴን ለበስኩ።

«የት ልትሄድ ነው?»

«የእኔ ነው ልል።»

«የሞተ ሰው ላይ ልትመሰክር? አይከብድህም?»

«የሞተ ሰው ላይ አይደለም፤ በሕይወት ያለ አህያ ላይ ነው የምመሰክረው።»

«ማን ይቆምልሃል? የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም» ብላ ሳቀች፤ ቀጥላ ግን ነጠላ ጫማዋን በሽፍን ጫማ ለወጠች። «ብቻህን ብትሄድ ትሳደባለህ፤ አብሬህ ልሂድ።»

አዳራሹ ነጭ ግድግዳ ያለው፣ እርምጃ የሚያስተጋባ ቤት ነው። እኔ ቀጥታ ወደ አህያዬ ልሄድ ነበር፤ ሚስቴ ግን እንደ ገበያ ከመጀመሪያው ካልጀመርኩ አለች። ስለዚህ አየሁ።

መጀመሪያ ያለው ወፎችን የሣለ ሰው ነው፤ መቶ ዓመት አልፎታል። የአንድ አዳኝ ጓዝ ተሸካሚ ነበር አሉ። አዳኙ የገደለውን ወፍ ይህ ሰው ማታ ድንኳን ሥር ይሥለዋል፤ መጽሐፉ ሲታተም የአዳኙ ስም ብቻ ወጣ። ማጉያዬን አወጣሁ፤ ጡረታ ብወጣም ከኪሴ አይጠፋም። የአንዷን ርግብ አንገት አየሁ። ብሩሹን አንድ ፀጉር እስኪቀር ቆርጦት መሆን አለበት፤ እያንዳንዷ ላባ ከጎረቤቷ በታች እንዴት እንደምትገባ አውቋል። ሠላሳ አንድ ዓመት ጉድለት ስፈልግ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ጉድለት አላገኘሁም። የሞተ ወፍ ነው የሣለው፣ ዓይኑን ግን የሞተ አላደረገውም።

ቀጥሎ የሲኒማ ቤት ማስታወቂያ ሰዓሊ አለ። ሥዕል የለውም። በየሳምንቱ አዲስ ፊልም ሲመጣ አሮጌውን ሥዕል ነጭ ቀለም ቀብቶ በላዩ ይሥል ነበርና የቀረው ሰሌዳው ብቻ ነው። ሰሌዳውን ጎኑ ላይ በመጋዝ ቆርጠው አቁመውታል፤ የቀለሙ ንብርብር የአውራ ጣት ውፍረት አለው። ቀይ፣ ነጭ፣ ሰማያዊ፣ ነጭ፣ ቢጫ፣ ነጭ። የሃያ ሁለት ዓመት ሥራ እዚያ ውስጥ ተቀብሯል። ሚስቴ ጣቷን አቅርባ ሳትነካው «ይህ ሰው ዕድሜውን ሙሉ የራሱን ሥዕል ሲያጠፋ ኖረ?» አለችኝ። ማጥፋት የእኔም ሥራ ነበር።

ከዚያ አንዲት ነርስ የሣለቻቸው የጤና ጣቢያ ሥዕሎች አሉ። እጅ መታጠብ፣ ውኃ ማፍላት፣ ሕፃን ማስከተብ። ሁሉም ላይ ያሉት እጆች አንድ ናቸው፤ የቀኝ እጅ ትንሿ ጣት ትንሽ የተጣመመች። የእናቷ እጅ ነው ይላል ጽሑፉ። በልጅነቴ ጤና ጣቢያ ወረፋ ስጠብቅ ይህችን የተጣመመች ጣት አይቻት እንደነበር ትዝ አለኝ። ያኔ ሰው የሣላት እንኳ አልመሰለኝም።

እንዲህ ሆኜ፣ ንዴቴ ትንሽ ለዝቦብኝ፣ አህያዬ ጋ ደረስኩ። ገጽ አርባ አንድን የበር ያህል አግዝፈው ሰቅለውታል። ሥሩ የሰዓሊው ስም በትልልቅ ፊደል። ስሙን ሳይ ንዴቴ ተመለሰልኝ።

«የዚህ ቤት ኃላፊ ማን ነው?» አልኩ ጮክ ብዬ። ሚስቴ እጅጌዬን ያዘች።

አንዲት ወጣት ሴት መጣች፤ ፀጉሯ ውስጥ እርሳስ ሰክታለች። «እኔ ነኝ አባባ፣ ምን ልርዳዎት?»

«ይህ አህያ የእኔ ነው።»

አልሳቀችም። ይህን አልክድባትም። «እርስዎ ነዎት የሣሉት?»

«በእነዚህ እጆቼ።»

«ታዲያ ጉንዳኗስ?» አለች በለሆሳስ። «እዚህ ኮቴው ሥር። የእሳቸውን ሥዕሎች የለየናቸው በእሷ ነው። ከሁለት መቶ በላይ ሥዕል ላይ አገኘናት።»

«ያቺን ጉንዳን ማን ያሳለፋት ይመስልሻል? እኔ ነኝ! እኔ ባልፈቅድላት አንዷንም አታገኚም ነበር። እዚህ ላይ ግን ሰርቆኝ ነው የጨመራት።» ሌላም ብዙ ተናገርኩ። ስለ ትኩሳቱ፣ ስለ ማገዶው፣ ስለ እግሩ። ሰው ተሰበሰበ። ሚስቴ «ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም» እያለች ጎኔን ትነካኛለች።

ልጅቷ እስከ መጨረሻው ሰማችኝ። ከዚያ «ወረቀቱ ራሱ አለን» አለች። «ልጃቸው ሙሉ ማኅደሩን ሰጥታናለች። እዚህ የሰቀልነው ከመጽሐፉ የተነሣውን ነው፤ ወረቀቱ አርጅቷል ብለን ከጓዳ አላወጣነውም። ይምጡና አብረን እንየው፤ የእጅዎን አጣጣል እዚያ ላይ ያሳዩኛል።»

ጓዳው ጠባብ ነው፤ አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ መብራት። ነጭ ጓንት አጥልቃ ማኅደሩን ፈታችና ወረቀቱን አወጣች። ከመጽሐፉ እጥፍ ይበልጣል፤ ካሜራው አሳንሶት ነበር። ሃያ ስድስት ዓመት አላየሁትም። የማገዶውን ገመድ እንዴት እንደሣልኩት ሳይ ዓይኔ እንባ አቀረረ፤ አቧራ ነው አልኩ።

«ጉንዳኗ ይቻት» አለች ልጅቷ። «አንድ ያልገባን ነገር ግን አለ። ጆሮው ላይ ዝንብ አለች። መጽሐፉ ላይ የለችም። ሌላ ሥዕላቸው ላይም ዝንብ የለም። አንዱ ዓይኗ ላይ ደግሞ ቀለም የፈሰሰባት ይመስላል።»

ማጉያዬን ዓይኔ ላይ ተከልኩና ጎነበስኩ።

ቀለም አልፈሰሰባትም። ዝንቧ ስድስት እግር አላት፣ ክንፎቿ ላይ ሥሮቹ ሳይቀሩ ተሥለዋል፤ አንዱ ዓይኗ ላይ ማጉያ መነጽር አድርጋለች። ክብ፣ ከነጥቁር ዙሪያው። ጆሮው ጫፍ ላይ ተቀምጣ፣ ወደታች ወደ ጉንዳኗ ታያለች። በዚያ ትኩሳት፣ በዚያ የሚንቀጠቀጥ እጅ፣ አንድም መሥመር አልተዛነፈባትም።

ወንበር ፈለግኩ። ልጅቷ ወንበር ሰጠችኝ።

«ምነው አባባ?»

«ዝንቡ እኔ ነኝ» አልኩ። ሌላ እንዴት ይባላል? «እኔ አቧራ መሰለችኝ። ፋቅኳት።»

ሚስቴ እጇን ትከሻዬ ላይ አኖረች።

እኔ የማስበው ያቺን «አይተህ ነው?» ያለኝን ቃል ነው። ጉንዳኗን አጠገቤ አቁሞ የሁለታችንን ስም ፈርሞ ነበር፤ እኔ በአፌ «አይቼ ነው የፋቅኩት» አልኩት። እንግዲህ እሱ ምን ብሎ ሞተ? «ከእኔ ጋር መጻፍን ተጠይፎ የራሱን ስም በምላጭ አጠፋ» ብሎ። ዘጠኝ ዓመት በደረጃው ላይ አንገቱን ደፍቶ ያለፈኝ ኮርቶ ይመስለኝ ነበር።

ልጅቷ እርሳሷን ከፀጉሯ አወጣች። «ጽሑፉን ዛሬውኑ እናስተካክለዋለን። ሙሉ ስምዎን ይንገሩኝ።»

ለዚህች ቃል ነበር ኮቴን ለብሼ የመጣሁት። ግን ወረቀቱን ደግሜ አየሁት።

«መጀመሪያ ያን ትልቁን አውርጂው» አልኳት። «እሱ እኔ ያበላሸሁት ነው። ይህን ወረቀት ስቀዪው። ዝንቧ ያለችበትን።»

«እሺ። ጽሑፉስ?»

«አህያው የነጥብ ፋቂው ነው በዪ። ስሜንም ጻፊ፤ አልዋሽሽም፣ ስሜ እንዲጻፍ እፈልጋለሁ። ጉንዳኗና ዝንቧ ግን የሰዓሊው ናቸው። ከሁሉም የሚበልጠው ሥዕል ዝንቧ ናት፤ ይህንንም ጻፊ። ነጥቧን ማን እንደፋቃትም ጻፊ።»

«ይህንንማ መጻፍ የለብንም አባባ።»

«ጻፊ እንጂ! እኔ ሳልነግርሽ መጽሐፉ ላይ ለምን እንደጠፋች በምን ታውቂ ነበር? ፊልሙን ያነሣውን ሰው ትሰድቢ ነበር።»

ማጉያዬን ጠረጴዛው ላይ ተውኩላት። በገመድ አሥራ ከሥዕሉ አጠገብ እንድታንጠለጥለው ነገርኳት፤ ያለ ማጉያ ዝንቧን የሚያይ ሰው ቀለም የፈሰሰ ነው የሚመስለው። ኪሴ ውስጥ እጄን ስከት ባዶ ሆኖ አገኘሁት፤ የአንድ ሰው እጅ የለቀቅኩ ያህል ተሰማኝ።

በሳምንቱ ከሚስቴ ጋር ተመልሰን ሄድን። ወረቀቱ ተሰቅሏል፣ ማጉያው ተንጠልጥሏል፣ ስሜ ከስሙ ጋር በአንድ መጠን ፊደል ተጽፏል። አንዲት ሴት ማጉያውን ይዛ ጎንበስ ብላ ጆሮውን ስታይ ድንገት ሳቀች፤ አጠገቧ ያለውን ሰው ጎትታ «እይ፣ እይ» አለችው።

ሚስቴ ወደ ኋላ ሁለት እርምጃ ሄደች፣ አንገቷን ወደ ጎን አዘንብላ አህያዬን ከጆሮ እስከ ጭራ መረመረችው። ሃያ ስድስት ዓመት ሲወራላት የኖረውን አህያ በደንብ ስታየው ይህ የመጀመሪያዋ ነው።

«ልንገርህ? ደስ ይላል» አለችኝ። «ግን የኋላ እግሩ…»

«ረዝሟል» አልኳት።